የሰዓታችሁን ሆድ ዕቃ እዩት

ሰዓታችሁን ከእጃችሁ አውልቁና ገልብጡት። ሴይኮ ከሆነ በጀርባው ክዳን ላይ የተቀረጹ ጥቃቅን ቁጥሮች አሉ። ከመካከላቸው ባለ6 አኃዙን ተከታታይ ቁጥር ፈልጉ። የመጀመሪያው አኃዝ ሰዓቱ የተሠራበት የፈረንጅ ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ነው፤ ሁለተኛው ወሩን ይናገራል። ከ1 እስከ 9 ያሉት ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ናቸው፤ 0 ኦክቶበር ነው፤ ኖቬምበርና ዲሴምበር ደግሞ ኤን እና ዲ በሚሉ የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ። ስለዚህ 82 ብሎ የሚጀምር ሰዓት መጨረሻው 8 በሆነ ዓመት፣ በፌብሩዋሪ ወር የተሠራ ነው። 1978 ይሁን 1988 ወይስ 1998 ለማወቅ የሚረዳው አጠገቡ የተጻፈው የማሽኑ ቁጥር ነው። 7ኤስ26 የሚባለው ማሽን ገበያ ላይ የዋለው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። እንግዲህ ሻጩ “ይሄ የጥንቱ፣ የደርግ ጊዜው ሴይኮ ነው” ብሎ ዋጋ ቢቆልልባችሁና ክዳኑ ላይ 7ኤስ26 ብታነቡ፣ ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ችግሩ ማንበቡ ነው። ቁጥሮቹ ደቃቅ ናቸው፤ በላብና በጭረት ደብዝዘዋል፤ በባዶ ዓይን ሲያዩዋቸው 8ና 3 አንድ ይሆናሉ። እዚህ ላይ ነው አጉሊ መነጽር የሚመጣው።

እኛ ዘንድ ጊምቢቹ፣ ሀዲያ ዞን ሶሮ ወረዳ ውስጥ፣ ሰዓት የሚያስር ሰው ዛሬም አለ። ስልክ ሰዓት ይነግራል፤ ግን ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድም የላከውን ሰዓት ስልክ አይተካውም። ሲቆም የሚወሰደው ሰዓት ሠሪ ጋ ነው፤ እዚሁ ካልተገኘ ሆሳዕና፣ ወይም ዱራሜ። “ጋሼ፣ ቆመብኝ” ትሉታላችሁ። “እስቲ አምጣው፣ ልየው” ይላል። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የሚያነሳው ካቻቢቴ ወይም ወረንጦ አይደለም። ዓይኑ ጉድጓድ ላይ የሚሰካትን ትንሽ ጥቁር ኩባያ መሳይ ነገር ነው። ሉፕ ትባላለች። ሥራው ሁሉ ከማየት ይጀምራል።

ዛሬ ላስረዳችሁ የፈለግሁት ይህችን ሉፕና ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን የስልክ ካሜራ ነው። ሁለቱም የሚገዙት በአንድ ሕግ ነው፦ ባጎላችሁ ቁጥር ትከፍላላችሁ። ምን እንደምትከፍሉ ካወቃችሁ ትልቅ ገንዘብ ሳታወጡ የሰዓት ሆድ ዕቃ አጥርታችሁ ታያላችሁ፤ ፎቶም ታነሳላችሁ።

25 ሴንቲ ሜትር

ትንሽ ነገር ለማየት ምን እናደርጋለን? ወደ ዓይናችን እናስጠጋዋለን። ሲቀርብ ይተልቃል። ግን ወሰን አለው። ለጤናማ የአዋቂ ዓይን ወሰኑ በስምምነት 25 ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ይወሰዳል፤ ከዚያ ወዲህ ብታስጠጉት ምስሉ ይደፈርሳል። ልጆች 10 ሴንቲ ሜትር ድረስ አስጠግተው ማየት ይችላሉ። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ይደድርና ወሰኑ ይርቃል፤ አዛውንቶች ደብዳቤ ሲያነቡ እጃቸውን የሚዘረጉት ለዚህ ነው።

አጉሊ መነጽር የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚህ ወሰን ወዲህ አስጠግታችሁ እንድታዩ ይፈቅድላችኋል። 25 ሴንቲ ሜትር ላይ የነበረውን የመዘውር ጥርስ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ አምጥታችሁ አጥርታችሁ ካያችሁት 5 እጥፍ ተልቆ ታየ ማለት ነው። ስሌቱም ይኸው ነው፦ 250ን ለሌንሱ የትኩረት ርቀት በሚሊ ሜትር አካፍሉ። የትኩረት ርቀቱ 50 ከሆነ 5 እጥፍ፣ 25 ከሆነ 10 እጥፍ ያጎላል።

የትኩረት ርቀቱን ቤታችሁ መለካት ትችላላችሁ። ከመስኮቱ ትይዩ ያለ ነጭ ግድግዳ ወይም ወረቀት ፊት ሌንሱን ያዙና ወደፊት ወደኋላ አንቀሳቅሱት። የሆነ ቦታ ላይ ውጭ ያለው ዛፍና ኮረብታ ተገልብጦ፣ ቀለሙን እንደያዘ ወረቀቱ ላይ ይወርዳል። ከሌንሱ እስከ ወረቀቱ ያለውን በማስመሪያ ለኩ፤ እሱ ነው። (ይህን በፀሐይ አትሞክሩት፤ ወረቀቱ ይቃጠላል።) በርካሽ ሉፖች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የተጋነነ ስለሆነ ይህ ልኬት ጠቃሚ ነው። “30 እጥፍ” ተብሎ የተሸጠላችሁ ሌንስ በ25 ሚሊ ሜትር ላይ ምስል ከጣለ እውነተኛ ጉልበቱ 10 ነው።

አጉልቶ ለማየት የሚከፈለው

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው 20 እጥፍ የሚያጎላውን አይገዛም? ክፍያው አለዋ።

የመጀመሪያው ክፍያ ርቀት ነው። 10 እጥፍ የሚያጎላ ሉፕ ከሰዓቱ በ25 ሚሊ ሜትር ላይ መሆን አለበት፤ 20 እጥፍ ከሆነ በ12 ሚሊ ሜትር ገደማ። በዚህ ክፍተት ወረንጦ ማስገባት፣ ካቻቢቴ ማሽከርከር የማይታሰብ ነው። ሁለተኛው ስፋት ነው፤ ባጎላችሁ ቁጥር የምታዩት ቦታ ይጠባል። ሦስተኛው ጥልቀት ነው፤ የላይኛው መዘውር ሲጠራ የታችኛው ይደፈርሳል። በዚህ ላይ የብርሃን ማነስ ይጨመርበታል፤ ራሳችሁ ሰዓቱ ላይ ስለምትደፉ ጥላችሁ ያርፍበታል።

ስለዚህ ሰዓት ሠሪ አንድ ሉፕ ብቻ አይዝም። የጀርባ ክዳን ለመክፈትና ባትሪ ለመቀየር 3 እጥፍ አካባቢ ይበቃል። መዘውር ለመፍታትና ለመግጠም 4 ወይም 5። የመዘውር ጥርስ መሸረፉን፣ መዘውሮቹ የሚሽከረከሩባቸው ድንጋዮች ቀዳዳ ውስጥ ዘይቱ መድረቁን ለመመርመር 10። ከዚያ በላይ ያለው ለማየት ብቻ ነው፤ እጅ አያሠራም።

ሌላው ልዩነት በሌንሱ ጥራት ነው። አንድ ብርጭቆ ብቻ ያለው ሉፕ ዳር ዳሩን ያጣምማል፤ በብረቱ ጠርዝ ላይም ሐምራዊና አረንጓዴ መስመር ያሳያል። የተለያየ ቀለም ያለው ብርሃን በብርጭቆ ውስጥ እኩል ስለማይታጠፍ ነው። ጥሩው የ10 እጥፍ ሉፕ ሦስት ብርጭቆዎች ተጣብቀው የሚሠሩበት ነው፤ አንዱ ያበላሸውን ሌላው ያርማል። አልማዝ መርማሪዎች ዓለም ላይ መለኪያ አድርገው የሚይዙት ይህንኑ የ10 እጥፍ ሉፕ ነው።

አያያዙም ቁም ነገር አለው። ብዙ ሰው አጉሊ መነጽሩን ሰዓቱ ላይ አስቀምጦ ከላይ ሆኖ ያያል፤ ያኔ የሚያየው በጠባብ ቀዳዳ ነው። ሉፑ ከዓይን ጋር ይጣበቅ፤ የሚንቀሳቀሰው ሰዓቱ ይሁን። ክርናችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ። ሌላውን ዓይናችሁን አትጨፍኑ፤ ቶሎ የሚያደክመው መጨፈኑ ነው። ጥቂት ከተለማመዳችሁ አእምሯችሁ የማያስፈልገውን ምስል ራሱ ይተወዋል።

ምን ይታያል? መካኒካል ሰዓት ከሆነ ቀያይ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። እነዚህ ሩቢ ናቸው፤ የመዘውሮቹ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው። ከማዕድን ጉድጓድ የወጡ ግን አይደሉም፤ ፈረንሳዊው ኦጉስት ቨርኔይ በ1902 ይፋ ካደረገው ዘዴ ወዲህ በእሳት እየቀለጡ በፋብሪካ ይመረታሉ። ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘውን ክብ መዘውር ፈልጉና መሐሉ ላይ የተጠቀለለውን ከፀጉር የቀጠነ ሞላ እዩ። ጥቅሎቹ በእኩል ርቀት መተንፈስ አለባቸው። ሁለቱ ተጣብቀው ካያችሁ ሰዓቱ ማግኔት ነክቶታል ወይም ሞላው ዘይት ይዞታል፤ በቀን ብዙ ደቂቃ የሚቀድም ሰዓት በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። የባትሪ ሰዓት ከሆነ ደግሞ አረንጓዴ የባትሪ ፍሳሽንና የተበጠሰ የመዳብ ሽቦን ፈልጉ።

ሌንስና ሰዓት ያደጉት አብረው ነው

ብርሃን በሌንስ እንዴት እንደሚሄድ በሥርዓት ካስረዱት ቀደምቶች አንዱ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ሆኖ የጻፈው ኢብን አል ሃይሠም ነው። ግን ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ጊዜ 17ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 “ማይክሮግራፊያ” የተባለ መጽሐፉን አሳተመ። መጀመሪያ አጉልቶ ያሳየው የመርፌ ጫፍን ነበር፤ በባዶ ዓይን ሹል የሚመስለው ጫፍ ሲጎላ የተበላሸና ዱልዱም ሆኖ ተገኘ። ይኸው ሁክ ነው ሞላ በተሳበ መጠን በዚያው ልክ መልሶ እንደሚጎትት የሚለውን ሕግ ያስቀመጠው፤ የሰዓት ሞላ የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው። በ1675 ደግሞ ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ የተጠቀለለውን ቀጭን ሞላ የኪስ ሰዓት ላይ ማዋሉን ይፋ አደረገ። ሁክም “ሐሳቡ የእኔ ነው” ብሎ ተከራከረው። ከዚህ ሞላ በኋላ የኪስ ሰዓቶች ስህተት በቀን ወደ ደቂቃዎች ወረደ። ሃይገንስስ ማን ነበር? ከወንድሙ ጋር በእጁ ሌንስ የሚሞርድ፣ በዚያ ሌንስም በ1655 ታይታን የተባለችውን የሳተርን ጨረቃ ያገኘ ሰው። ሰዓቱንና ሌንሱን ያሻሻሉት አንድ ዓይነት እጆች ነበሩ።

ሦስተኛው ሰው የደልፍቱ ጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ነው። የጨርቅ ነጋዴዎች የክር ጥራት የሚመረምሩት በአጉሊ መነጽር ነበር። እሱ ግን ሌንሱን እያሳነሰ፣ እያሳነሰ ሄዶ 270 እጥፍ ገደማ የሚያጎላ ሠራና በውኃ ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ሕያዋንን አየ። ስሌታችንን እዚህ ላይ ሞክሩት፦ 250 ሲካፈል ለ270 ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ያን ሌንስ ዓይኑ ላይ ለጥፎ፣ የሚያየውንም ሌንሱ ላይ ለጥፎ ነበር የሚያየው። ክፍያው እዚህ ድረስ ይሄዳል።

ስልካችሁ ላይ ሉፕ ሲጨመር

አሁን ወደ ፎቶው። የስልክ ካሜራ ከ8 ወይም ከ10 ሴንቲ ሜትር ወዲህ ብታስጠጉት አብዛኛውን ጊዜ አያጠራም። እንደ ዓይናችን ወሰን አለው ማለት ነው። መድኃኒቱም ያው ነው፦ ሉፑን ስልኩ ሌንስ ላይ ግጠሙት።

ምን ያህል እንደሚያጎላ እናስላው። የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ እውነተኛ የትኩረት ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የ10 እጥፍ ሉፕ 25 ነው። 5 ሲካፈል ለ25 አንድ አምስተኛ ይሆናል፤ ሰዓቱ ምስሉን በሚቀበለው የስልኩ ሴንሰር ላይ የሚያርፈው አንድ አምስተኛ ሆኖ ነው። ሴንሰሩ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ካለው ፎቶው 30 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቦታ ይይዛል። ይህ ማለት የአንድ ሴይኮ ማሽን አብዛኛው ፊቱ ነው። በ10 እጥፍ ሉፕና በተራ ስልክ የምታገኙት ፎቶ ይህን ያህል ነው፤ አይናቅም።

ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ከተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ የሌዘሩን ሌንስ አውጡ። የጥገና ቤቶች ጥግ ላይ ተጥለው የሚታዩት ማጫወቻዎች ሁሉ አንዳንድ አላቸው። የምስር ፍሬ የምታክል፣ የትኩረት ርቀቷ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነች ሌንስ ናት። ማጫወቻውን ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ ፍቱት፤ ሌዘሩን አብርታችሁ አትዩ። ሌንሷን በቀጭን ፕላስተር ስልኩ ካሜራ ላይ ስታሳርፏት የምታዩት ቦታ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይጠባል፤ አንድ ሩቢና ዙሪያው ብቻ። ግን ሰዓቱ ከሌንሷ በጥቂት ሚሊ ሜትር ላይ መሆን ስላለበት ስልኩ ራሱ ብርሃኑን ይጋርዳል።

ውድ ስልክ ያላችሁ ምንም መጨመር ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ከ2021 ጀምሮ እንደ አይፎን 13 ፕሮ ያሉት እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቀርበው ያጠራሉ። “ማክሮ” ተብለው ርካሽ ስልኮች ላይ የሚታከሉት ባለ2 ሜጋፒክስል ካሜራዎች ግን ብዙ አይረቡም፤ ዋናውን ካሜራ ከሉፕ ጋር መጠቀም ይሻላል።

አንድ ብርም የማይጠይቅ ሙከራም አለ። ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ አኑሩና በጋዜጣ ፊደል ላይ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ እዩት። ጠብታው ራሱ ሌንስ ነው። በተከፈተ ሰዓት ላይ ግን እንዳትሞክሩት።

ትክክለኛ ካሜራ ያላችሁ

እዚህ ላይ “1 ለ 1” የሚለውን ነገር እንፍታ። 1 ለ 1 ማለት የሰዓቱ 10 ሚሊ ሜትር በካሜራው ሴንሰር ላይም 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ ማረፉ ነው። የተለመዱት ካሜራዎች ሴንሰር 22 በ15 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። 38 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰዓት በዚህ ላይ ሙሉ ለሙሉ እንዲያርፍ 0.4 ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ ሙሉ ሰዓት ለማንሳት ውድ ማክሮ ሌንስ ግዴታ አይደለም። እሱ የሚያስፈልገው ወደ ገጹ ጽሑፍ፣ ወደ ጠቋሚው ጫፍ፣ ወደ መዘውሩ ስትገቡ ነው።

ርካሹ መንገድ ማራዘሚያ ቀለበት ነው። በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ ነው፤ ውስጡ ብርጭቆ የለም። የቱቦውን ርዝመት ለሌንሱ የትኩረት ርቀት አካፍሉ፤ 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ ግማሽ ይጨምራል። ሁለተኛው መንገድ ሌንሱን ገልብጦ መግጠም ነው፤ ለዚህ የሚሆን ቀለበት ይሸጣል። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲገለበጥ ወደ 1 ለ 1 ይጠጋል፤ 18 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ሲገለበጥ ደግሞ ከዚያ ያልፋል።

የድሮ ዜኒት ካሜራ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ አትጣሉት። ላዩ ላይ ያለው ሂሊዮስ 44 ሌንስ 58 ሚሊ ሜትር ነው። ሲገለበጥ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል፤ የብርሃን ቀዳዳውን የምታጠቡበት ቀለበት ራሱ ላይ ስላለ ከካሜራው ጋር በኤሌክትሪክ መነጋገር አያስፈልገውም። የዛሬዎቹ ኪት ሌንሶች (ከካሜራው ጋር አብረው የሚሸጡት) ይህ ቀለበት የላቸውም፤ ሲገለበጡ ቀዳዳቸውን ማዘዝ ይቸግራል። ሂሊዮሱ ካሜራ ባይኖራችሁም ይጠቅማል። 250 ሲካፈል ለ58 ከ4 ይበልጣል፤ በእጅ ይዛችሁ ብታዩበት ብዙ ብርጭቆዎች ያሉት፣ ከብዙ ርካሽ ሉፖች የጠራ አጉሊ መነጽር ነው።

ጥልቀቱ ቀጭን ነው

ፎቶ ስታነሱ ትልቁ ትግል ጥልቀት ነው። ከላይ ካልነው በሚተልቅ ሴንሰር እንኳ 1 ለ 1 ላይ የብርሃን ቀዳዳውን ኤፍ 8 ብታደርጉት (ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል) የሚጠራው ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ካሜራው ሰዓቱን የሚያየው እንደ ስስ ቂጣ ቆርጦ ነው። የሴኮንድ ጠቋሚው ከጠራ የገጹ ጽሑፍ ይደፈርሳል።

“ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ላጥበው” ትሉ ይሆናል። እሱም ይከፈልበታል። ብርሃን በጣም በጠበበ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ፎቶው ዳር እስከ ዳር እኩል ይፈዛል። ሲጎላ ደግሞ ይብሳል፤ 1 ለ 1 ላይ ኤፍ 16 ስትሉ በተግባር ኤፍ 32 ሆኗል፤ ሴንሰሩ ጋ የሚደርሰውም ብርሃን ወደ ሩብ ወርዷል።

የባለሙያዎቹ መፍትሔ መደራረብ ነው። ካሜራው ሳይነቃነቅ ትኩረቱን ከጠቋሚው አናት እስከ ገጹ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ እየቀየሩ ብዙ ፎቶ ያነሳሉ፤ ከዚያ እንደ ሂሊኮን ፎከስና ዜሪን ስታከር ያሉ ፕሮግራሞች ከእያንዳንዱ የጠራውን ብቻ ወስደው አንድ ያደርጉታል። በማስታወቂያ ላይ ሁሉ ነገሩ ጥርት ብሎ የምታዩት ሰዓት ብዙ ጊዜ እንዲህ የተሠራ ነው።

ሰዓቱ እየሄደ ከሆነስ? ጠቋሚው በየፎቶው ሌላ ቦታ ይገኛል። ብዙ ሰዓቶች የመሙያ ቁልፋቸው ሲሳብ ይቆማሉ፤ 7ኤስ26 ያለው ሴይኮ 5 ግን አይቆምም። ሁለት ቀን ያህል አስቀምጡት፤ ሞላው ሲያልቅ ራሱ ይቆማል። የሚወዛወዘውን መዘውር እየሄደ ለማንሳት ከፈለጋችሁም እወቁት፤ የ7ኤስ26 መዘውር በሰዓት 21,600 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 6 ጊዜ ይወዛወዛል። ጠርዙ በፈጣኑ ቅጽበት በሴኮንድ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሮጥ በ1000ኛ ሴኮንድ ውስጥ እንኳ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ሲጎላ ይህ ጉልህ ድፍረሳ ነው። የሚያስቆመው እጅግ አጭር የፍላሽ ብልጭታ ነው።

ብርሃን፣ መስታወትና 10 ከ10

የሰዓት መስታወት ፊታችሁን፣ ስልካችሁን፣ ጣሪያውን ሁሉ መልሶ ያሳያል። ብርሃን ከመጨመራችሁ በፊት መስታወቱ ምን እያየ እንደሆነ አስቡ። ስልኩ ጥቁር ሆኖ እንዲታይ መሐሉ የተቀደደ ጥቁር ካርቶን ፊቱ ላይ አድርጉ። ብርሃኑን ከጎን አምጡና አለስልሱት፤ ሶፍት ወይም ነጭ ፌስታል ይበቃል። ከላይና ከታች የተቆረጠ ነጭ ጀሪካን ሰዓቱን ዙሪያውን ካጠረው ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይገባል። የስልኩን ፍላሽ አጥፉት። የሶሮን የክረምት ደመና ደግሞ የትኛውም ስቱዲዮ በነጻ አያገኘውም፤ ሰማዩ በሙሉ አንድ ለስላሳ መብራት ይሆናል። መስኮት ዳር ተቀመጡ።

ፖላራይዘር የሚባል ማጣሪያ የመስታወት ነጸብራቅን ይቀንሳል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን የሚሠራው መስታወቱን አጋድላችሁ ስታነሱት ነው። ፊት ለፊት ስታነሱ ብዙም አይረዳም፤ የብረት ነጸብራቅንም አያጠፋም።

በማስታወቂያ ላይ ሰዓቶች ሁሉ 10 ከ10 ላይ የቆሙት ጠቋሚዎቹ የድርጅቱን ስም ከሁለት ወገን እንዲያቅፉትና እንዳይሸፍኑት ነው። በእኛ አቆጣጠር ሲነበብ 4 ከ10 መሆኑ ነው። በነገራችን ላይ ሰዓታችሁን በሐበሻ አቆጣጠር ከሞላችሁት ቀን የምታሳየው መስኮት የምትገለበጠው ንጋት 12 ወይም ምሽት 12 ላይ ነው። ንጋት ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ አስተካክሉት፤ ቀን በጠዋት የሚጀምርበት የአገራችን ልማድ ከሰዓቱ ጋር ይገጥማል። ያችን መስኮት አንዳንድ ሰዓቶች ላይ የምታጎላት እብጠትም ሌንስ ናት፤ ሮሌክስ በ1950ዎቹ ያመጣት፣ 2.5 እጥፍ የምታጎላ።

ለምን ይጠቅመናል?

መለዋወጫ የሚመጣው ከአዲስ አበባ፣ በተለይ ከመርካቶ ሆኖ ሳለ ሰዓቱን ይዞ መሄድ ወይም መላክ አድካሚ ነው። የማሽኑን ቁጥር፣ የክዳኑን ጽሑፍ፣ የተሰበረውን ጥርስ በሉፕ ያነሳችሁት አንድ የጠራ ፎቶ መንገዱን ይቆጥብላችኋል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ አትላኩት፤ ጨምቆ ጥቃቅኑን ያጠፋዋል። እንደ ፋይል ላኩት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። እስከ 1960ዎቹ ድረስ የተሠሩ፣ ጠቋሚያቸው በጨለማ የሚያበራ ሰዓቶች ሬዲየም ሊኖርባቸው ስለሚችል ቤት ውስጥ አትክፈቱ፤ ብናኙ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። ገጹ ሥር፣ ከ6 ቁጥር በታች ከስዊስ ጽሑፍ ግራና ቀኝ የላቲን ቲ ፊደል በሉፕ ካያችሁ ግን ቀለሙ ትሪቲየም ነው፤ ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው። ሁለተኛ፣ የተከፈተ ሰዓት ላይ በአፋችሁ አትተንፍሱ፣ እፍም አትበሉ፤ የትንፋሽ እርጥበት ዝገት ነው።

ምን ልግዛ የሚለኝ ካለ መልሴ አጭር ነው። መጀመሪያ 5 እጥፍ የሚያጎላ ሉፕ ግዙ፤ እጅ ያሠራል፣ ዓይን አያደክምም። ሁለተኛው ባለሦስት ብርጭቆ የ10 እጥፍ ሉፕ ይሁን፤ ለዓይናችሁም ለስልካችሁም ያገለግላል። ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ለጉራ ነው። ሉፑን ባገኛችሁ ዕለት ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ፦ የአባታችሁን ወይም የእናታችሁን ሰዓት ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ሰዓት ሠሪው ክዳኑን ሲከፍትም አስፈቅዳችሁ ማሽኑን ፎቶ አንሱና አስቀምጡ። ምን እንደነበረው፣ ምን እንደተቀየረበት ያኔ በማስረጃ ታውቃላችሁ።